ቅጠል ያልወጣለት ዛፍ

የኔታ ከሰሌዳቸው ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሞተው ተገኙ። ዓርብ ጠዋት አዳራሹን ለትምህርት ልታዘጋጅ የመጣችው ረዳታቸው መጀመሪያ ያየችው የተገለበጠውን በርጩማ ነበር፤ ቀጥሎ ጫማቸውን።

መርማሪዋ ስትደርስ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ፣ ነገር ቶሎ ቢያልቅለት የሚወድ ሰው ነው።

«አደጋ ነው» አላት፣ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ። «ለዛሬ ትምህርት ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ከበርጩማው ወደቁ። በዚህ ዕድሜ በርጩማ ላይ አይውጡ ብዬ ስንቴ መክሬያቸዋለሁ።»

መርማሪዋ አልፋው ገባች። አንድ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ክፍሉን ማየት፣ ሰዎቹን በኋላ መስማት ልማዷ ነው።

አዳራሹ ለመቶ ሰው የተሠራ ነው። በደረጃ ወደ ላይ የሚወጡት አግዳሚዎች አቧራ ለብሰዋል፤ ከፊት ረድፍ ሦስት መቀመጫዎች ብቻ ከመቀመጥ ብዛት ያብለጨልጫሉ። የየኔታ ትምህርት የቀሩት ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። ኮምፓይለር የተባለው የኮምፒውተር አስተርጓሚ እንዴት እንደሚሠራ ለመማር የሚመዘገበው ሰው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ፣ ኃላፊው ኮርሱን ሊዘጋው ተነሥቶ ነበር።

ሰሌዳው ጥቁርና ሰፊ ነው፤ ጣሪያውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ከሥሩ ጠርዙ በብረት የተለበጠ የእንጨት መድረክ አለ። ደሙ ብረቱ ላይ ነበር። ሟቹ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። መነጽራቸው ከነቤቱ ኪሳቸው ውስጥ ነው። የግራ እጅጌያቸው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል፤ ቀኝ እጃቸው ጠመኔ ይዟል። ሰሌዳው ላይ፣ በርጩማ ካልተወጣ በማይደረስበት ከፍታ፣ «ፕሮግራም» የሚል ቃል ተጽፏል። ከቃሉ ሦስት መስመሮች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በየመስመሩ ጫፍ አንዳንድ ቃል አለ፤ ከእነዚያም ሌሎች መስመሮች ወርደው አየር ላይ ቀርተዋል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

መርማሪዋ ጣቷን በሰሌዳው የታችኛው ክፍል ላይ አሳልፋ አየችው። ጠመኔ አልነካውም።

«ሰሌዳውን ማን ያጸዳዋል?»

«ራሳቸው። ትምህርት ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ያጥቡታል። ሌላ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም።»

ኮት ቆልፈው ይጽፉ እንደነበር ጠየቀችው፤ አዳራሹ ይበርዳል አላት። ያለ መነጽርስ? እርጅና ነው፣ ረስተውት ይሆናል። ቁልፉስ? የቆየ ኮት ነው። ለሁሉም መልስ ነበረው፤ እያንዳንዱም መልስ ለብቻው ሲታይ የሚያስኬድ ነበር።

የአስከሬን ሐኪሙ ከተንበረከከበት ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ነገሩ የደረሰው ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ በኩል ከብረቱ ጋር ተላትሟል።

«ወዲያው ግን አልሞቱም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆይተዋል። አንድ ሰው ጮሆ ሰው ቢጠራላቸው ኖሮ...» አልጨረሰውም። ከግቢው ማዶ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ክሊኒክ በአገጩ ጠቆማት።

ኃላፊው «አደጋ» የሚለው ቃል እንዳልሠራለት ሲገባው ሌላ በር ከፈተ። ትናንት ከሰዓት በኮሪደሩ ሲያልፍ የረዳቷን ድምፅ ሰምቷል፤ «አልቀበልም፣ አልችልም» እያለች ሽማግሌው ላይ ትጮህ ነበር። «እንግዲህ አደጋ ካልሆነ...» ብሎ የቀረውን ለመርማሪዋ ተወላት። አለቃዋም በስልክ የነገራት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ወይ አደጋ ነው ብለሽ ዝጊው፣ ወይ ልጅቷን ይዘሽ ነይ።

ልጅቷ በጠባብ ቢሮዋ ውስጥ እጆቿን በጉልበቶቿ መሃል ቀብራ ተቀምጣ ነበር። ስለ ጭቅጭቁ ስትጠየቅ አልካደችም። የኔታ ጡረታ ለመውጣት መወሰናቸውን ነግረዋት ነበር። ኮርሱ እንዳይዘጋ ኃላፊውን ፊት ለፊት የሚሞግት፣ ከዚያም ቆሞ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው አንቺ ነሽ ብለዋታል። እሷ ደግሞ ሰው ፊት ቆማ መናገር ትፈራለች።

«ጮኽኩባቸው» አለች። «ከእኔ የሰሙት የመጨረሻ ቃል ‹አልችልም› የሚል ሆኖ ቀረ።»

«ከዚህ ወጥተው ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«ሌላ ከተማ፣ እህታቸው ዘንድ። ትናንት ‹ዛሬ ጠዋት ነው የወሰንኩት፣ ለእህቴ እንኳን ገና አልነገርኳትም፣ መጀመሪያ የሰማሽው አንቺ ነሽ› አሉኝ።»

መርማሪዋ ወንበሯን አቀረበች። «እኔ ስለ ሥራችሁ የማውቀው የለም። እንደ ተማሪ ቁጠሪኝና አስተምሪኝ።»

ረዳቷ የምትቀልድባት መስሏት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወረቀት ሳበች። ኮምፓይለር አስተርጓሚ ነው አለቻት፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ተቀብሎ ማሽን ወደሚገባው ይለውጠዋል። ከመለወጡ በፊት ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ መለየት አለበት። ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት ብላ ጻፈች። ማባዛት ይቀድማልና ሦስትንና አራትን በመስመር ወደ ላይ አጋጠመች። ያንን ደግሞ ከሁለት ጋር አገናኝታ አንድ እርከን ወጣች። እጇ ከታች ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድምጿም እየረጋ ሄደ።

«ዛፍ እንለዋለን» አለች።

«ተገልብጧል እኮ። ሥሩ ከላይ፣ ቅጠሉ ከታች።»

ረዳቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ሁሉም ተማሪ የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ይላል። የኔታ ‹ዛፉ ደህና ነው፤ የተገለበጣችሁት እናንተ ናችሁ› ይሉ ነበር።»

ከዚያ ስለ በርጩማው ነገረቻት። የኔታ ቅጠሎቹን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ነጠላ ቃላት፣ ከሰሌዳው ግርጌ ይደረድራሉ፤ እያጋጠሙ፣ እያጋጠሙ ይወጣሉ፤ ለመጨረሻዋ ቃል ብቻ በርጩማው ላይ ይቆማሉ። ቃሏን ሲጽፏት ተማሪዎቹ ጠረጴዛቸውን ይደበድባሉ። አዳራሹ ሙሉ በነበረበት ዘመን ድምፁ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር ይባላል። «አሁን ሦስት ናቸው የሚመቱት። እሳቸው ግን ወደ አዳራሹ ዞረው እጅ ይነሣሉ፤ ልክ ለመቶ ሰው እንደሚነሡት።»

ሦስቱ ተማሪዎች ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው ነበር። አንደኛው፣ ረጅሙ፣ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ሲሠራ ስክሪኑ በስህተት ዝርዝር ተሞልቶ ትምህርቱን ጥሎ ሊሄድ እንደነበር አወራት። «የኔታ መጡና ‹ይህን ሁሉ ምን አስነበበህ? የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ አንብብ፤ የቀሩት የሱ ልጆች ናቸው› አሉኝ። እውነትም አንድ ቅንፍ ነበር የጎደለው። እሱን ስሞላው ሁሉም ጠፉ።»

ሟቹ ጓደኛ ነበራቸው ወይ ብላ ስትጠይቅ ሦስቱም በአንድ አፍ «ጋሽ ሐሙስ» አሏት። ኮርሱን ከየኔታ ጋር የጀመሩ፣ ቀድመው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ሲያበቃ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሰሌዳው ፊት ቆመው ይከራከራሉ። በምን እንደሚከራከሩ ተማሪዎቹ አያውቁም፤ ከኮሪደሩ የሚሰማው ሳቃቸው ብቻ ነው። ትናንት ግን ተማሪዎቹ ለፈተና ለማጥናት ቶሎ ወጥተው ስለነበር ማን እንደመጣ አላዩም። የግቢው ጠባቂም ትናንት ከሰዓት አንድም እንግዳ አልገባም ብሎ ማለላት።

ጋሽ ሐሙስ የሚኖሩት አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። መርማሪዋ በራቸውን ከማንኳኳቷ በፊት ውስጥ ሰው ሲያወራ ሰማች። ሲከፍቱላት ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ ሲያወራ የነበረው የጓዳው ሬዲዮ ነው።

«እንግዳ ያለብዎት መስሎኝ።»

«ለዚያ ነው የማልዘጋው፣ ልጄ። ከውጭ ስመለስ የሚያወራ ሰው እንዲጠብቀኝ።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእሷም ቤት ሬዲዮ በዚያች ሰዓት ለባዶ ክፍል ያወራ ነበር። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ሽማግሌው ዳቦና ሻይ አቀረቡላት። ትናንት እግራቸው ስላመማቸው ከቤት አልወጡም፤ ሞቱን የሰሙት ዛሬ ከረዳቷ በስልክ ነው። ሲናገሩ እጃቸው ጠረጴዛውን ይዳብሳል፤ ዓይናቸው ከሻዩ አይነሣም። ከወዳጃቸው ጋር በምን ይከራከሩ እንደነበር ስትጠይቃቸው «በማይረባ ነገር» ብለው ዘለሉት። እሷም ለረዳቷ ያለችውን ደገመችላቸው፤ እንደ ተማሪ ቁጠሩኝና አስተምሩኝ።

አስተማሪ ናቸውና ይህን እምቢ ማለት አልቻሉም። ዳቦውን አነሡ። «ይኸውልሽ፤ መጀመሪያ ሙሉው አለ። ይህ ፕሮግራሙ ነው። ለሁለት ትከፍይዋለሽ። ግማሹን ደግሞ እንደገና። ይህችንም እንዲሁ። እያልሽ እያልሽ ፍርፋሪው ላይ ስትደርሺ ጨረስሽ ማለት ነው።» ዳቦው በሰሐኑ ላይ ደቅቆ አለቀ። ሽማግሌው ፍርፋሪውን ሲያዩ ትከሻቸው ወረደ። «ምን ያደርጋል። እህቱ ዘንድ ሄጄ አርፋለሁ ሲል ቀረ። አላደለውም።»

መርማሪዋ ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች፤ አመስግናም ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ግን ለሟቹ እህት ደወለች። እህት በመንገድ ላይ ነበሩ። «እንዲመጣልኝ ስለምነው ስንት ዓመቴ!» አሉ በለቅሶ መሃል። «አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጥቁር የለበሱት እህት ከፊት ተቀመጡ፤ ሦስቱ ተማሪዎች በየቦታቸው፤ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ከዳር፤ ረዳቷ ከሁሉም ርቃ። ጋሽ ሐሙስ ባዶው ረድፍ ላይ ለብቻቸው ነበሩ። ጠባቂውና ሁለት ፖሊሶች በሩ ጋ ቆሙ። ረዳቷ ፖሊሶቹን አይታ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አስገባች፤ ለእሷ የመጡ መስሏት ነበር።

«ይህ ተማሪ አንድ ነገር አስተማረኝ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ፣ ረጅሙን ልጅ እያመለከተች። «ስህተት ሲበዛ የመጀመሪያውን ብቻ አንብቡ ይሉ ነበር አሉ የኔታ። እኔ ኮቱን፣ መነጽሩን፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ስጠይቅ ለሁሉም መልስ ተገኘላቸው። ስለዚህ ሌሎቹን የወለደውን ስህተት ፈለግኩ። እዚያ ነው ያለው።» ወደ ሰሌዳው ዞረች። «ይህ ዛፍ ቅጠል የለውም።»

ኃላፊው ትከሻውን ነቀነቀ። «ሳይጨርሱት ስለወደቁ ነዋ።»

«እሳቸው በርጩማው ላይ የሚወጡት መቼ ነው?» ስትል ተማሪዎቹን ጠየቀች።

«መጨረሻ ላይ» አለ ረጅሙ። «ለላይኛዋ ቃል ብቻ።» ይህን እንዳለ አፉን እንደከፈተ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ። ከትናንት ጀምሮ እያየው አላየውም ነበር።

«የላይኛዋ ቃል ከተጻፈች፣ ከታች ያለው ሁሉ አልቆ መሆን አለበት» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ግን ላዩ ተጽፎ ታቹ ባዶ ነው። ተጠርጎም አይደለም፤ ቢጠረግ የጠመኔ ብናኝ ይቀር ነበር። የኔታ ሐሙስ ዕለት ሰሌዳቸውን አጥበው፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ሊወጡ ነበር። ምንም አልጻፉም። ይህን የሣለው ሌላ ሰው ነው። ከከፍታ የወደቁ እንዲመስል ከፍ ብሎ መሣል ነበረበት፤ በርጩማውን ገለበጠ፤ ጠመኔውን እጃቸው ላይ አስያዘ።»

«ታዲያ ማን?» አለ ኃላፊው፣ ወደ ረዳቷ እያየ።

«ዛፉ የተሣለው በትክክል ነው ወይ ብዬ ተማሪዎቹን ጠይቄ ነበር። እስከ ቆመበት ድረስ ትክክል ነው አሉኝ። እርስዎ ቢሆኑ ይችሉ ነበር?»

ኃላፊው ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። እሱ የኮምፒውተር ኔትወርክ ሰው ነው፤ ይህን ዛፍ በተማሪነቱም አልገባውም ነበር። ከተማሪዎቹ አንደኛዋ ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች።

«ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ። ረዳታቸው ታውቃለች። ነገር ግን ወረቀት ስሰጣት ከግርጌው ጀመረች፤ ከእሳቸው የተማረ ሰው ሁሉ ከግርጌ ይጀምራል፤ ሌላ መንገድ እጁ አያውቅም። ሙሉውን ይዞ ወደ ታች እየከፈለ የሚሄድ ሰው ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ዳቦ ላይ አሳየኝ።»

ሽማግሌው ቀና አላሉም።

«እግሬን አሞኝ ቤት ዋልኩ ብለውኛል፣ ጋሼ። ነገር ግን የኔታ ወደ እህታቸው ለመሄድ የወሰኑት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። እህታቸው እንኳን አልሰሙም። ረዳታቸው ሰማች፤ ከእሷ በኋላ ደግሞ እርስዎ ሰሙ። ቤትዎ ሆነው ከማን ሊሰሙት ይችሉ ነበር?» ወደ በሩ ዞረች። «አንተ፣ ሐሙስ ዕለት እንግዳ አልገባም ብለኸኛል።»

«አልገባም» አለ ጠባቂው።

«ጋሽ ሐሙስስ?»

«እሳቸውማ ገብተዋል። እሳቸው ሐሙስን መቼ ቀርተው ያውቃሉ?» ጠባቂው ግራ ተጋባ። «እሳቸው ምን እንግዳ ናቸው፤ የቤት ሰው አይደሉ?»

እህት ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ሽማግሌው ሲናገሩ ለእህት ብቻ ነበር የሚናገሩት።

«ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ። ሄጃለሁ አለኝ። እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ፤ ከእንግዲህ ብቻህን ተከራከር ብሎ ሳቀ። እጅጌውን ያዝኩት። ቆይ፣ እንነጋገር አልኩት። እሱ ሲስብ፣ እኔ ሳልለቅ... መልቀቅ ነበረብኝ። መድረኩ አዳለጠው።» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ልጅ የለኝ፣ ሚስት የለችኝ። ሐሙስ ብቻ ነበረችኝ። እሱ ሲሄድ ሐሙስን ምን ላደርጋት ነው?»

«የኔታ ከታች እንደሚጀምሩ ከማንም በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ» አለች መርማሪዋ። «ዕድሜ ልካችሁን የተከራከራችሁት በዚሁ አይደል?»

«እኔ አውቃለሁ። እጄ አላወቀም።»

መርማሪዋ የቀረውን ባትናገረው ትወድ ነበር። ግን እህት ፊቷን እያዩ ነው። «ስለ መውደቁ ቢሆን አደጋ ነው እል ነበር፣ ጋሼ። ክሊኒኩ ግን ግቢው ማዶ ነው። ይህን ሲሥሉ እሳቸው በሕይወት ነበሩ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሰማኝ ነበር» አሉ። «ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። አልዞርኩም። ከዞርኩ መጨረስ አልችልም ብዬ። ከዚያ ዝም ሲል... ቅጠሎቹን መሣል አቃተኝ።»

ፖሊሶቹ ሲይዟቸው አልተቃወሙም። ከአዳራሹ ሲወጡ ማንም አልተከተላቸውም። ኃላፊው ስለ ኮርሱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እህት ሰሌዳውን እያዩ ረዳቷን ጠየቋት።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ነገር ሲያልቅ ምን ይመስላል?»

ረዳቷ መርማሪዋን አየቻት። ፎቶው ሁሉ ተነሥቶ ስላለቀ መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችላት። ረዳቷ ጨርቁን አርሳ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አጠበችው። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ ጠመኔ አነሣች። ከግርጌው ጀመረች።

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው። ሽማግሌው በሁለቱ ፖሊሶች መሃል ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር፤ እግራቸውን እውነትም ያማቸዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ከአዳራሹ ጠረጴዛ ሲደበደብ ተሰማ። የሦስት ተማሪ ድብደባ ነው። ቀጥሎ አራተኛ ተጨመረበት፤ ከሌሎቹ ጋር አልገጠመም፤ ልማዱን የማያውቅ፣ የአሮጊት እጅ ነበር። ሽማግሌው ቆሙ። ፖሊሶቹ ሊገፏቸው ሲሉ መርማሪዋ በእጇ ከለከለቻቸው፤ ድምፁ እስኪያባራ ሁሉም ቆመው ጠበቁ።

«ልጄ» አሏት ከዚያ፤ «ቤት ሬዲዮውን ሳልዘጋ ነው የወጣሁት።»

«እዘጋዋለሁ፣ ጋሼ።»

ቁልፉን ሰጧት። የዚያኑ ቀን ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ ድምፁ ከበሩ ውጭ ይሰማ ነበር፤ አንድ ሰው ስለ ነገ የአየር ጠባይ በትሕትና ያስረዳል። ሰሐኑ እንደነበረ ነው፤ ፍርፋሪው ደርቋል። ሬዲዮው ላይ እጇን አሳረፈች፤ ሰውዬው ንግግሩን እስኪጨርስ ግን አልዘጋችውም። ከዘጋችው በኋላም ቶሎ አልወጣችም። ቤቷ ስትመለስ የሚጠብቃት ድምፅ የማን እንደሆነ ታውቃለችና፣ የሻዩን ብርጭቆ አጥባ፣ ሰሐኑን አጥባ፣ ሁለቱንም በየቦታቸው ደፍታ ነው የወጣችው።